«ቀስ በል» አትበሉት፦ ወንድምና እህት በአንድ ፒያኖ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ደብረ ብርሃን ጠባሴ፣ እኔ ቤት። ወንድምና እህት አንድ ፒያኖ ፊት ተቀምጠዋል። እሱ 11 ዓመቱ ነው፣ እሷ 8። ዜማው የእሷ ነው፤ የሚሰማው ግን እሱ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ድምፁን እንዲቀንስላት ብዬ «ቀስ በል!» እለው ነበር። ልጁም ታዛዥ ነው፣ ቀስ አለ። ማለትም ተጎተተ። ድምፁ ያው ነው። እሷ ጥላው ሄደች፣ እሱ ኋላ ቀረ፣ ከዚያ ተጣሉ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። የእኛ «ቀስ በል» ፍጥነትንም ድምፅንም በአንድ ቃል ይዟል። ልጅ ደግሞ መጀመሪያ የሚመጣለት ፍጥነቱ ነው። አሁን ስለ ፍጥነት «ዝግ በል» እላለሁ። ስለ ድምፅ ሲሆን እንደ ሬዲዮ «ቀንስ»፣ «ጨምር»። «ቀስ» የሚባል ቃል ከፒያኖው አጠገብ ክልክል ነው። እናንተም ከዚህ ጀምሩ።

ቀጥሎ አቀማመጡ። ብዙ ሰው ትልቁን ልጅ በግራ፣ በወፍራሙ ድምፅ በኩል ያስቀምጣል። ምቱን ይጠብቃል፣ ፔዳሉንም (ድምፁን የሚያቆየውን የእግር መርገጫ) ይረግጣል ተብሎ ነው። ችግሩ ግን ፒያኖው ውስጥ የግራው ክር ረጅምና ወፍራም ነው። አንዴ ከተመታ ቶሎ አይጠፋም። የቀኙ ቀጭን ክር ድምፁ ወዲያው ይሞታል። በዚህ ላይ ጉልበተኛውን ልጅ ግራ ካስቀመጣችሁት ትንሿ ተዋጠች ማለት ነው። እኔ የመጀመሪያውን አንድ ወር ትንሿን ነው ግራ የማስቀምጣት። ፔዳል ደግሞ ለጊዜው የለም። ወፍራሙን ድምፅ ሁሉ እርስ በርሱ ያዝረከርከዋል።

አንድ አግዳሚ ላይ አታጣብቋቸው። ሁለት ወንበር ይሻላል፣ ክርናቸው እንዳይጋጭ። መሃል ላይ የግራው ልጅ ቀኝ እጅና የቀኙ ልጅ ግራ እጅ መገናኘታቸው አይቀርም። የማን እጅ ከላይ እንደሚያልፍ ሳይጀምሩ ተስማምተው ይጨርሱ። የሙዚቃ ደራሲው ሞዛርትና ታላቅ እህቱ ናነርል እ.ኤ.አ. በ1780 አካባቢ በተሳለው የቤተሰብ ሥዕላቸው ላይ እጃቸው ተጠላልፎ ነው የሚታየው። ለልጆቹ ይህን ስነግራቸው መገፋፋቱ ትንሽ ቀነሰ። ትንሽ ነው ያልኩት።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ለምታውቁ፦ የቀዘቀዘ ጣት ድምፅ አይመጥንም፣ ይደበድባል። የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጅ ይዘው አምስት ደቂቃ ይቀመጡ። ሻዩን ጠጥተው ይጀምሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ድምፅን መቀነስ ማለት ቁልፉን መፍራት አይደለም። ጮክ የሚለውና ዝቅ የሚለው ቁልፉ በሚወርድበት ፍጥነት ነው፤ ውስጥ ያለው መዶሻ በዚያው ልክ ተወርውሮ ክሩን ይመታል። ለልጅ ይህን በጨዋታ ነው የማሳየው። «አንዱን ቁልፍ ድምፅ ሳይወጣ እስከ ታች አውርደው» እላለሁ። በጣም ዝግ ካለ በእርግጥም ድምፅ አይወጣም። ከዚያ «አሁን ለጥቂት እንዲሰማ አድርገው»። ሁለቱ ይፎካከራሉ፣ እኔ ሻይ እጠጣለሁ። ጣት ከቁልፉ ሳይነሳ ነው የሚጫነው፤ ከላይ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና መውረድ የለም።

ይህን ሲችሉ ወደ ሆያ ሆዬ እንሄዳለን። የቡሄ ልጆች ሲጨፍሩ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። አውጪው ግጥሙን ሲናገር ተቀባዮቹ ቢጮሁ ባለቤቱ ምን እንደተወደሰ ሳያውቅ ሙልሙሉን ይሰጣል። ይህን የማያውቅ የሸዋ ልጅ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር ላይ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ «እዚህ ጋ አውጪው ማነው?» ተቀባይ የሆነው ይቀንሳል። መስመሩ ሲቀየር ተራው ይቀየራል።

መለማመጃው በጥቁሮቹ ቁልፎች ብቻ ነው። አምስቱ ጥቁሮች የትዝታን ቅኝት ይሰጣሉ፤ እዚያ ውስጥ ስሕተት የሚባል የለም። ጥቁሮቹ ሁለትና ሦስት እየሆኑ ነው የተደረደሩት። ግራ ያለችው ከሦስቱ ጥቁሮች የመጀመሪያውን፣ በስተቀኙ ካሉት ከሁለቱ ጥቁሮች ደግሞ የመጀመሪያውን አንድ ላይ ይዛ በየአራት ምቱ ትጫናቸዋለች። ቀኝ ያለው ከራሱ ዜማ ያወጣል። ከ1 እስከ 5 ቁጥር ሰጥተናል፤ 1 ሹክሹክታ፣ 5 ጩኸት። አውጪው 4፣ ተቀባዩ 2። ግራ ያለ ሰው ግን 2 ብሎ ሲመታ ክፍሉ ውስጥ 3 ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ ለእሱ 2 ማለት ከራሱ ግምት አንድ ዝቅ ነው።

ይህን በቃል ብትነግሯቸው አያምኑም። ስልክ ይመስክር። ስልኩን ፒያኖው ላይ አታስቀምጡት፤ የቅርቡን ነው አብዝቶ የሚይዘው። ሦስት ሜትር ያህል ርቆ፣ በር አካባቢ ወንበር ላይ ይሁን። ስታሰሟቸው እናንተ ዝም በሉ። መጀመሪያ እያንዳንዱ ስለ ራሱ ብቻ ይናገር፣ አለበለዚያ «እትዬ፣ እሱ ነው!» ይጀመራል። እኛ ቤት ትንሿ ግራ ተቀምጣ የተቀዳውን ስትሰማ ትንሽ ዝም አለችና «እሱ የታለ?» አለች። ወንድሟ ያን ቀን በደስታ ሊበር ነበር። ከዚያ ወዲህ ቦታ ሲቀያየሩ እሱም የሚቀንሰው ሳይነገረው ነው።

እነዚህ ልጆች ቤታቸው ያላቸው ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ነው። እንዲህ ዓይነት ከሆነ ያላችሁ መጀመሪያ ፈትኑት። አንዱን ቁልፍ በዝግታ፣ ከዚያ በኃይል ተጫኑ። ድምፁ አንድ ዓይነት ከሆነ ማስተካከያው ውስጥ የንክኪ (touch) ምርጫ ካለ አብሩት። ከሌለው በድምፅ ማመጣጠን እዚያ አይለመድም። ያን ጊዜ ከተቀባዩ ላይ ኖታ ቀንሱ፤ ሁለት ቁልፍ ይዞ ከሆነ አንድ ብቻ ይያዝ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጠረጴዛ አለ። አንዱ ዜማውን በአፉ ያንጎራጉራል፣ ሌላው ምቱን በጣት ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ይመታል። ዳኛዋ ጓዳ ያለችው እናት ናት። ዜማው እዚያ ድረስ ካልደረሰ ጠረጴዛው በዝቷል፣ እንደገና።