ኦዱ ላይ አታች የምታደርጉት ፋይል የት ነው የሚቀመጠው? ባክአፕ ከማድረጋችሁ በፊት ይቺን እዩ

ኦዱን (ሽያጭ፣ ግዢና ሂሳብ የሚያዝበትን የድርጅት ሶፍትዌር) በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ጭናችሁ ለምትሰሩ ሰዎች ነው ይሄን የምጽፈው። ዳታቤዙ ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ አታች የተደረገው ፋይል ደግሞ ሌላ ቦታ። ደረሰኙን ኢንቮይሱ ላይ ስትሰቅሉት ዳታቤዙ (ፖስትግሬስ) ውስጥ የሚገባው ስሙ፣ መጠኑ፣ የየትኛው ኢንቮይስ እንደሆነ ምናምን ነው እንጂ ፒዲኤፉ ራሱ ፋይልስቶር የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

እኔ ይሄ የገባኝ የአንድ አስመጪ ድርጅት ሰርቨር ሳዛውር ነው። ዳታቤዙን ብቻ ዳምፕ አድርጌ (ወደ አንድ ፋይል አውጥቼ) አዲሱ ላይ መለስኩት፣ ስከፍተው ገጹ ቀለም የለው ቅርጽ የለው፣ ጽሁፍ ብቻ ተደርድሮ መጣ። ዴቨሎፐር ሞድ (የተደበቁት የቴክኒክ ሜኑዎች የሚታዩበት) ውስጥ ገብቼ አሴቶቹን፣ ማለትም ለገጹ ቀለምና ቅርጽ የሚሰጡትን ፋይሎች፣ እንደገና እንዲሰራቸው ሳደርግ ተስተካከለ፣ በቃ አለቀ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በነጋታው ሂሳብ ክፍል ያለችው ልጅ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ልታወጣ ስትከፍት ስሙ አለ፣ ቀኑ አለ፣ ፋይሉ ግን ዜሮ ባይት! የሁሉም እንደዛ ነው። አሮጌው ሰርቨር ፎርማት ስላልተደረገ ብቻ ነው የተረፍነው፣ ተደርጎ ቢሆን የዓመታት ሰነድ ነበር የሚሄደው።

ፋይልስቶር ፎልደሩ ውስጥ ብትገቡ የምታውቁት ስም አታገኙም። በሁለት ሁለት ፊደልና ቁጥር የተሰየሙ ትናንሽ ፎልደሮች አሉ፣ እነሱ ውስጥ ደግሞ 40 ፊደልና ቁጥር ርዝመት ያለው ስም ያላቸው ፋይሎች፣ ፒዲኤፍ ይሁን ፎቶ ከስሙ አይታወቅም። ስሙ የሚወጣው ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ ነው፣ ስለዚህ አንድ አይነት ፋይል አስር ቦታ ብትሰቅሉት ዲስኩ ላይ የሚቀመጠው አንዴ ነው። ለዛ ነው ዲስክ ሞላ ብላችሁ እዛ ፎልደር ገብታችሁ በእጃችሁ እንዳታጠፉ የምለው፣ አንዷን ስታጠፉ አስር ሪከርድ ላይ ያለው አብሮ ይሄዳል።

ማጽዳት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ቦታውን የበላው ማን እንደሆነ እወቁ። ዳታቤዙ ውስጥ አይአር አታችመንት (ir_attachment) የሚባለውን ቴብል በሞዴል (በሰነዱ አይነት) ከፋፍላችሁ የፋይል መጠኑን ደምሩት፣ ኢንቮይስ ነው፣ ፐርቼዝ ነው፣ ኢሜይል ይዞት የመጣ ነው፣ ወዲያው ይታያችኋል። ከዛ የማያስፈልገውን ከኦዱ ውስጥ፣ ዴቨሎፐር ሞድ በርቶ ሴቲንግ ስር ቴክኒካል ውስጥ አታችመንትስ ከሚለው አጥፉ። ዲስኩ ወዲያው ካልቀነሰ አትደንግጡ፣ ፋይሉን ራሱ የሚያነሳው በቀን አንዴ የሚሮጠው አውቶቫኪዩም የሚባለው የኦዱ የራሱ ጽዳት ነው። ግን የሂሳብ ሰነድ ከሆነ ሂሳብ ሹሙን ሳትጠይቁ እንዳትነኩ፣ አደራ።

እኔ ካየሁት ዲስክ የሚሞላው ሰው ደረሰኝ በስልክ ፎቶ አንስቶ እንዳለ ስለሚሰቅል ነው፣ አንዷ ፎቶ 4 ወይም 5 ሜጋባይት ትሆናለች። በስካን አፕ ጥቁርና ነጭ ፒዲኤፍ አድርገው እንዲሰቅሉ አስተምሯቸው፣ ጽሁፉም የበለጠ ይነበባል።

ሁሉንም ዳታቤዝ ውስጥ ላስገባው የሚል ሰው አለ፣ ሲስተም ፓራሜትር በሚባለው የኦዱ ሴቲንግ ይቻላል፣ እኔ ግን አልመክርም፣ ዳታቤዙ ያብጥና ዳምፑ ማለቂያ ያጣል።

አሁን ባክአፑ። ከኦዱ ዳታቤዝ ማናጀር ገጽ ላይ ዚፕ የሚለውን ከመረጣችሁ ፋይልስቶሩንም ይዞ ይወጣል፣ ትንሽ ለሆነ ዳታ በቂ ነው፣ ትልቅ ሲሆን ግን መሃል ላይ ሊቋረጥ ይችላል። ያኔ መጀመሪያ ዳታቤዙን ዳምፕ አድርጉ፣ ቀጥሎ ፋይልስቶሩን በአርሲንክ (ፎልደር ኮፒ በሚያደርገው የሊኑክስ ትዕዛዝ) ኮፒ አድርጉ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት፣ ፋይሉን ቀድማችሁ ከወሰዳችሁ በመሃል የተሰቀለው ዳታቤዙ ላይ ስሙ ይኖርና ፋይሉ አይኖርም። ዶከር የምትጠቀሙ (ኦዱን ኮንቴይነር በሚባል ሳጥን ውስጥ የምታስኬዱ) ለፋይልስቶሩ ስም ያለው የራሱን ቮልዩም፣ ማለትም ከኮንቴይነሩ ውጭ የሚቆይ ማከማቻ፣ ስጡት፣ ኮንቴይነር ስትቀይሩ አብሮ እንዳይጠፋ።

ስትመልሱ ደግሞ የፎልደሩ ስም ከዳታቤዙ ስም ጋር አንድ መሆን አለበት፣ የዳታቤዙን ስም ከቀየራችሁ ፎልደሩንም ቀይሩ፣ ባለቤትነቱንም ለኦዱ ዩዘር ስጡት፣ አለበለዚያ ፋይሉ እያለ ኦዱ ሊያነበው አይችልም። ከዛ ገጹ ስለተከፈተ ብቻ አትነሱ፣ የቆዩ ኢንቮይሶች ጋ ሄዳችሁ አስር ያህል አታችመንት አንድ በአንድ ክፈቱ።