ጊደሯን በርቢ ከመቀበላችሁ በፊት፦ ወሎ ላይ ሆኖ ስታርታፕን በራስ ኪስ ማቆምና ከባለሀብት ገንዘብ መቀበል እንዴት ይቻላል?

ወሎ ገጠር ያደገ ሰው ርቢን ያውቃል። ከብት ያለው ጊደሩን ከብት ለሌለው ይሰጣል፤ ተቀባዩ ያግዳል፣ ይቀልባል፤ የተወለደውን ይካፈላሉ። ብድር ግን ሌላ ነው፤ ጊደሯ ወለደችም መከነች፣ ቀኑ ሲደርስ ይከፈላል። የስታርታፕ (በቴክኖሎጂ ቶሎ ሊያድግ የተነሳ አዲስ ድርጅት) ገንዘብ በባዕድ ስም ስለሚጠራ የራቀ ይመስላል እንጂ ባለሀብት ድርሻ ገዝቶ ሲገባ የሚሆነው ከርቢ ብዙም አይርቅም። አንድ ከባድ ልዩነት ግን አለው። የርቢ ውል አንድ ቀን ያበቃል፤ የሸጣችሁትን ድርሻ ግን መልሳችሁ ልግዛ ብትሉ በዚያው ዋጋ አታገኙትም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ከማን ልቀበል?» ሳይሆን «መቼ?» የሚለው ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ እንያዝ። ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተመረቁ ሁለት ጓደኛሞች ደሴ ፒያሳና አራዳ ላሉ አከፋፋዮች የዱቤ ደብተርን በስልክ የሚይዝ መተግበሪያ ሊሠሩ አሰቡ እንበል።

1. ሳትሠሩት ሽጡት

መተግበሪያውን ከመጻፋችሁ በፊት አምስት ሱቅ ግቡ። የባለሱቁን ደብተር ተቀብላችሁ በኤክሴል ገልብጡለት፤ ማታ ማታ ዱቤው ያለፈበትን ደንበኛ ዝርዝር በቴሌግራም ላኩለት። ወር ሲሞላ 500 ብር ጠይቁ።

እዚህ ላይ የወሎ ሰው ደግነት ራሱ ችግር ይሆናል። ሐሳባችሁን የነገራችሁት ሁሉ «ማሻአላህ፣ አላህ ያሳካላችሁ ልጆቼ» ይላል፣ ቡና ይጋብዛል፣ በሩ ድረስ ይሸኛል። ምርቃቱን በደስታ ተቀበሉ፤ በደንበኛ ዝርዝር ላይ ግን አትጻፉት። የሚጻፈው 500 ብሩን የከፈለው ብቻ ነው። ሁለተኛ ወር ላይ ሳትጠይቁት የከፈለ ደግሞ ከመጀመሪያው ወር አሥር ከፋይ ይበልጣል።

ሌላም አለ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር እናንተም ባለሱቁም አትረሱትም። ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት የሚመዘግብ፣ በአጭር መልእክት የሚያስታውስ ነገር ሥሩ። በኋላ ባለሀብቱ መጀመሪያ ከሚጠይቃችሁ አንዱ ይኸው ነው።

2. ስንት ወር እንደሚቀራችሁ ቁጠሩ

የቢሮ ኪራይ 6,000፣ ስልክና ኢንተርኔት 4,000፣ ትራንስፖርት 5,000፣ የሁለታችሁ መኖሪያ 20,000፤ ድምሩ በወር 35,000 ብር። 40 ሱቅ በ500 ብር ሂሳብ 20,000 ያስገባል። ጉድለቱ 15,000 ነው። ባንክ ያላችሁ 180,000 ከሆነ 12 ወር አላችሁ። ሱቆቹ 70 ሲደርሱ ጉድለቱ ይዘጋል።

ይህችን ስሌት በየወሩ መጀመሪያ ሥሩ። የራሳችሁን መኖሪያ ዜሮ ብላችሁ አትጻፉ፤ ቤተሰብ ቤት ብትበሉም ዋጋ አለው፤ ካልጻፋችሁት ሥራው ሳያተርፍ ያተረፈ ይመስላችኋል።

3. ቅርብ ያለውን ገንዘብ በቅደም ተከተሉ ተጠቀሙ

ከሁሉ የሚሻለው የደንበኛ ገንዘብ ነው። የዓመቱን በአንድ ጊዜ ለከፈለ ሁለት ወር በነጻ ስጡ፤ 5,000 ብር ዛሬ ይገባል፣ ወለድ የለው፣ ድርሻ የለው።

ሁለተኛው የጎን ሥራ ነው፦ ድረ ገጽ፣ የሒሳብ ሶፍትዌር ተከላ፣ ሥልጠና። ሜይልቺምፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2001 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ድረ ገጽ የሚሠሩ ሰዎች የጎን ሥራ ሆኖ ነው። መሥራቾቹ የውጭ ባለሀብት ሳያስገቡ ቆይተው በ2021 በ12 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሸጡት።

ሦስተኛው እቁብ ነው። ዕጣው ቀድሞ ከወጣላችሁ ያለ ወለድ ሙሉ ካፒታል በእጃችሁ ገባ ማለት ነው። ችግሩ የእቁብ ሳምንት ገበያ ቀዘቀዘ ብሎ አለመጠበቁ ነው፤ ዋሳችሁም ጎረቤታችሁ ነው። ክፍያውን ከሥራው ገቢ ሳይሆን ከሌላ ቋሚ ገቢ የምትሸፍኑ ከሆነ ብቻ ግቡ። በእቁብ ብር ኮምፒውተር ግዙ፤ ደመወዝ አትክፈሉበት።

አራተኛው ዘመድ ነው። ብዙ የወሎ ቤት ሪያድ ወይም ቤሩት የምትሠራ እህት አለችው። እሷ የምትልከው ብር የሰው ቤት ሲጠረግ የተጠራቀመ ነውና ከማንም ባለሀብት ብር ይልቅ በጥንቃቄ ይያዝ። እኔ ራሴ ከአጎቴ ገንዘብ ስቀበል «በእኛ መሃል ወረቀት ምን ያደርጋል?» ብሎ ነበር፤ እኔም አፍሬ ዝም አልኩ። እሱ ድርሻ ያለው መሰለው፣ እኔ ብድር መሰለኝ። ዘንድሮም ለቅሶ ቤት ስንገናኝ «ሱቃችን እንዴት ነው?» ይለኛል። አንድ ገጽ ትበቃለች፦ ብድር ነው ወይስ ድርሻ? ብድር ከሆነ መቼ ይመለሳል? ድርሻ ከሆነ ስንት በመቶ? ሥራው ቢከስርስ? ሁለት ምስክር ይፈርም። ማፈሩ የአንድ ቀን ነው።

4. ባንኩን እወቁት፣ ግን ተስፋችሁን አታስሩበት

መተግበሪያ መያዣ አይሆንም። ብሔራዊ ባንክም በነሐሴ 2015 የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በጣሪያ ገድቧል፤ መጀመሪያ 14 በመቶ ነበር፣ በኋላ ከፍ አደረገው። አዋጅ 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረትንና የሚሰበሰብ ሂሳብን (ደንበኛ ገና ያልከፈላችሁን) ለመያዣነት ስለፈቀደ መጠየቁ አይከፋም። ወለድ የማትነኩ ከሆነ ሙራባሃ ለዕቃ ግዢ ይሠራል፦ ባንኩ ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በየጊዜው በሚከፈል ሂሳብ ይሸጥላችኋል። በስልክ የሚገኘው ትንሽ ብድር ደግሞ ዛሬ ገዝቶ ነገ ለሚሸጥ ነጋዴ እንጂ ለሶፍትዌር ሠሪ አይደለም።

5. ባለሀብት በእርግጥ ያስፈልጋችኋል?

ብዙዎች ይህን ደረጃ ይዘሉታል። ባለሀብት የሚፈልገው በጥቂት ዓመት ብዙ እጥፍ የሚሆን ነገር ነው። ለደሴና ለኮምቦልቻ ሱቆች ብቻ የሚሆን፣ ለሁለት ሦስት ቤተሰብ ጥሩ እንጀራ የሚያበላ ሥራ ከሆነ ገንዘቡን ተቀብላችሁ ትጨነቃላችሁ እንጂ አትጠቀሙም። የሕንዱ ዞሆ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በራሱ ገቢ ያደገ የሶፍትዌር ኩባንያ ነው፤ ቴንካሲ በተባለች ትንሽ ከተማ አካባቢ ገጠር ውስጥ ሳይቀር ቢሮ አለው። ዋና ከተማ አለመሆን በራሱ እንቅፋት እንዳልሆነ እሱን አይቶ መናገር ይቻላል።

አዎ የሚያሰኘው እንዲህ ሲሆን ነው፦ ደንበኛው እየከፈለ፣ ሌላ ከተማ ያለውም እየጠየቃችሁ፣ የሚጎድለው ሰውና ጊዜ ብቻ ሲሆን።

6. ቤታችሁን ቀድማችሁ አስተካክሉ

ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁሙ። በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ 1243/2013፣ መነሻ ካፒታሉ 15,000 ብር ነው፤ አባላቱ ከ50 አይበልጡም፤ ድርሻውን ለሕዝብ ማቅረብም አይፈቀድም። «አክሲዮን እንሸጣለን» ብሎ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው፤ አትሞክሩት።

የሁለታችሁን ድርሻም በጊዜ እሰሩት። የተለመደው አራት ዓመት ነው፤ አንድ ዓመት ሳይሞላ የሄደ ምንም አይወስድም፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ እየተቆጠረ የራሱ ይሆናል። ይህ ካልተጻፈ ጓደኛችሁ በስድስተኛው ወር «ቪዛ ወጣልኝ» ብሎ ሲሄድ የኩባንያውን ግማሽ ይዞ ይሄዳል።

7. ስንት እንደምትሰጡ በወረቀት አስሉ

ድርጅታችሁ ከገንዘቡ በፊት 8 ሚሊዮን ብር ተገመተ፣ ባለሀብቱ 2 ሚሊዮን አስገባ። ጠቅላላው 10 ሚሊዮን ነው፤ የእሱ ድርሻ 20 በመቶ፣ የእናንተ 40፣ 40። በሁለተኛው ዙር፣ ማለትም በኋላ እንደገና ገንዘብ ስትቀበሉ፣ ሌላ ባለሀብት 20 በመቶ ቢወስድ 32፣ 32 ትሆናላችሁ፤ የመጀመሪያው 16 ይቀረዋል።

አሁን ሌላውን እዩ። ገና በሐሳብ ላይ ሳላችሁ አንድ ነጋዴ 300,000 ብር ሰጥቶ ግማሹን ወሰደ እንበል። ከእነዚያው ሁለት ዙሮች በኋላ ነጋዴው 32፣ እናንተ 16፣ 16 ናችሁ። ቀን ከሌት የምትሠሩት ሁለታችሁ ተደምራችሁ ከእሱ እኩል ሆናችሁ። ሁለተኛው ባለሀብት ይህን ዝርዝር ሲያይ «እነዚህ ልጆች ለምን ይደክማሉ?» ብሎ ሊሸሽ ይችላል። በራስ ኪስ የቆያችሁበት ዓመት ዋጋው እዚህ ላይ ይታያል።

8. ጠይቁ፣ ግን በአቦል አይደለም

መጀመሪያ የሚጠየቁት ሥራችሁን የሚጠቀሙ አከፋፋዮች ናቸው፤ ዱቤ ምን እንደሚያደርግ ከአዲስ አበባ ባለሀብት ይልቅ ያውቃሉ። በመጀመሪያው ቀን ምክር ብቻ ጠይቁ። በሁለተኛው ወር ሰንጠረዡን ይዛችሁ ሂዱ፦ ስንት ሱቅ፣ ስንቱ ቀጠለ፣ ስንቱ ለምን ተወ። ገንዘቡን በሦስተኛው ወር አንሱት፣ መጠኑንና ምን ላይ እንደሚውል ቆጥራችሁ። «እርስዎ ያዩልን» አትበሉ። ትሕትና በንግግር ይሁን፣ በቁጥር ላይ ግን አትሸማቀቁ።

በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የሆነውን ያየ ሰው ስለ ስጋት ይጠይቃል። መረጃው ሌላ ቦታ እንደሚቀመጥ፣ ቡድኑ ቢበተንም ሥራው እንዴት እንደሚቀጥል መልስ ይኑራችሁ።

9. ውሉን ከእምነቱም ከሕጉም ጋር አጣጥሙ

ወደ ድርሻ የሚለወጥ ብድር ብዙ ጊዜ ወለድ አለበት፤ ብዙ የወሎ ነጋዴ በዚህ ምክንያት ብቻ አይፈርምም። ዋይ ኮምቢኔተር የተባለው የአሜሪካ ስታርታፕ ደጋፊ ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ሴፍ» የተባለው ውል ወለድም የመክፈያ ቀንም የለውም፤ ገንዘቡ ዛሬ ይገባል፣ ድርሻው በቀጣዩ ዙር ይቆጠራል። ሆኖም ለአሜሪካ ሕግ የተጻፈ ነውና ጠበቃ ሳያየው እንዳለ ገልብጣችሁ አትፈርሙ። ብዙ ጊዜ የሚቀለው ትርፍም ኪሳራም የሚጋሩበት ቀጥተኛ ድርሻ ነው፤ ሙሻረካን (በእስልምና የታወቀውን የትርፍና የኪሳራ ሽርክና) ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት እንኳ አያስፈልግም።

የውጭ ዜጋ ከሆነ ሌላ ነው። በኢንቨስትመንት አዋጅ 1180/2012 መሠረት ብቻውን ለሚገባ መነሻው 200,000 ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ለሚጣመር 150,000 ነው። ትንሽ ቼክ ልጻፍላችሁ ያለ ፈረንጅ ካገኛችሁ ከመደሰታችሁ በፊት ይህን ንገሩት።

ብሩ ከገባ በኋላ በየወሩ በ5ኛው ቀን አንድ ገጽ ላኩ፦ ያላችሁ ብር፣ የቀራችሁ ወር፣ የጨመሩና የወጡ ደንበኞች። መጥፎው ወሬ ከላይ ይጻፍ፤ ባለሀብቱ ከእናንተ ሳይሆን ከገበያ ከሰማው ሁለተኛውን ዙር እርሱት።