ጥሩር ለባሹ ጀግና ጋርድ ሆኖ ሲቀጠር፦ በኮሚክና በልብ ወለድ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብረት ለብሶ የሚዋጋ ጀግና ለእንጀራው ሲል የሰው አጃቢ ሆኖ ቢቀጠር ጥሩ ታሪክ ይወጣዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1963 እ.ኤ.አ. ብቅ ያለው አይረን ማን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለሕዝብ የሚነገረው የባለሀብቱ የቶኒ ስታርክ ጠባቂ ነው ተብሎ ነበር። እዚያ ግን ጋርድነቱ ሽፋን ነው፤ ጥሩሩ ውስጥ ያለው ራሱ ባለሀብቱ ስለሆነ ደመወዝ አያስጨንቀውም። የእኛ ጀግና አዲስ አበባ ዳር ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ተከራይቶ የሚኖር፣ ወር በደረሰ ቁጥር ኪራይ የሚጠየቅ ሰው ከሆነ አንባቢ የሚያምነውም የሚያምፀውም በሚሳኤሉ አይደለም፤ በኪሎው፣ በቆጣሪውና በጭቃው ነው። ረቂቆች በብዛት የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው።

ሳይመዝኑ መሣል

ብረት በ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት በካሬ ሜትር 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ቁጥር የሥዕል ጠረጴዛችሁ ላይ ለጥፉት። አንድ በአንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ላሜራ፣ ማለትም 1.5 ካሬ ሜትር፣ የአንድን ጎልማሳ አብዛኛውን አካል ይሸፍናል። በ1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቢሠራ 18 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ይህ የድሮ አውሮፓውያን ፈረሰኞች ከለበሱት ጋር ይቀራረባል፤ ለብሶ መሮጥ፣ መውደቅና መነሳት ይቻላል። ችግሩ የክላሽ ጥይት ይበሳዋል። በሙቀት የጠነከረ ልዩ ብረት እንኳ ክላሽን ለመመለስ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ይፈልጋል። ያንን ከራስ እስከ እግር ካለበሳችሁት 70 ኪሎ ደረሰ፤ ጀግናው ሌላ ሰው ተሸክሞ እየዞረ ነው ማለት ነው።

መውጫው ወፍራሙን ብረት ደረትና ጀርባ ላይ ብቻ ማድረግ ነው። 25 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የ6 ሚሊ ሜትር ሰሌዳ 3.5 ኪሎ ነው፤ ሁለቱ 7 ኪሎ። የደረቱ ሰሌዳ የላይ ጠርዝ አንገት ሥር ካለው ጎድጓዳ ጋር እኩል መሆን አለበት። ብዙ ሠዓሊ ሆድ ላይ ያወርደዋል፤ ያኔ ልብና ትልልቆቹ የደም ሥሮች ክፍት ይቀራሉ። ክንድና ጭን በቀጭን ላሜራ ይሸፈኑ፤ እንደሚበሱም አትርሱ። ታሪኩ የሚፈልገው ድክመት እዚያ አለላችሁ፤ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ድንጋይ መፈልሰፍ አያስፈልግም።

አንድ ነገር በጣም ይዘነጋል። ጥይት ጠንካራ ብረት ሲመታ ይፈረካከሳል፤ ስብርባሪው በሰሌዳው ጠርዝ አቅጣጫ ወደ አገጭ፣ ወደ ክንድ፣ ወደ ጎን ይረጫል። ጎን ላይ የቆመው ደግሞ ጀግናው እንዲጠብቀው የተከፈለው ሰው ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ስብርባሪውን ውጦ የሚይዝ ወፍራም የጎማ ልባስ ይኑረው። ወይም ሳይኖረው ይቅርና ደንበኛው በጀግናው ጥሩር ምክንያት ይቁሰል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ክርክር ከየትኛውም ድብድብ ይበልጣል።

ኬቭላር ከሚባለው ጠንካራ ጨርቅ የተሠራው ለስላሳ ሰደርያ ደግሞ የሽጉጥ እንጂ የክላሽ መከላከያ አይደለም። ጥይቱን ሲያቆመውም ምቱ ወደ ውስጥ ያልፋል፤ የአሜሪካው የፍተሻ መስፈርት በሰው አካል ምትክ ከሰደርያው ጀርባ በሚደረገው ጭቃ ላይ እስከ 44 ሚሊ ሜትር የሚሰረጉድ ጉድጓድ ይፈቅዳል። ተመትቶ በቀጣዩ ሥዕል እየሳቀ የሚቆም ጀግና አትሣሉ። ትንፋሽ ያጥረው፣ ጎኑን ይያዝ፣ ጎድን አጥንቱ ይሰንጠቅ።

መብራቱ ከየት ይመጣል?

ጥሩሩ ሞተር ካለውና በአማካይ 1,000 ዋት የሚበላ ከሆነ ለስምንት ሰዓት ፈረቃ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ሊቲየም ባትሪ በኪሎ 200 ዋት ሰዓት ይይዛል ብንል 40 ኪሎ ባትሪ ነው። ከ220 ቮልት ሶኬት በ10 አምፒር ለመሙላት ወደ አራት ሰዓት ይወስዳል፤ ያውም መብራት ካልጠፋ። ታሪኩ ግን ከባትሪው ይልቅ ቆጣሪው ላይ ነው። ከከተማው ዳር ግቢ ውስጥ ሦስት አራት ተከራይ በአንድ የካርድ ቆጣሪ ይጠቀማል። በማለዳ አከራይዋ የጀግናውን በር ያንኳኳሉ፦

«አንተ ልጅ፣ ካርዱን ከትናንት ወዲያ ነው ያስሞላሁት! ማታ ማታ ምንድን ነው የምትሰካው?»

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የዚህን ወር እኔ እሞላዋለሁ።»

ሒሳቡን ለማስታረቅ ጥሩሩ ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል አይሥራ። ጋርድ አብዛኛውን ቀን ቆሞ ይጠብቃል፤ ሲቆም 50 ዋት ቢበቃው ስምንት ሰዓቱ 0.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ለአሥር ደቂቃ ግርግር 1,500 ዋት ቢጨመር 0.25። ድምሩ 0.65 ስለሆነ መጠባበቂያውን እጥፍ ብትይዙለት እንኳ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ባትሪ ይበቃል። አሥሩ ደቂቃ ሲያልቅ ግን አልቋል። ገጹ ላይ ደቂቃውን ቁጠሩ፤ ውጥረቱ ራሱ ይመጣል።

ከፍታውን፣ ክረምቱንና ደረጃውን መርሳት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ የማቀዝቀዣ ማራገቢያው ይሰንፋል፣ በፕሮፔለር የሚበር ነገርም ሸክም ያንሰዋል። ወደ ሱሉልታ በእንጦጦ በኩል ካሻገራችሁት ደግሞ 3,000 ሜትር ላይ ነው። የሐምሌ ማለዳ ብርድ ላይ የራስ ቁሩ መስታወት በትንፋሹ ይታፈናል፤ አገጩ ሥር የአየር መውጫ ሣሉለት።

በአቃቂና በኮዬ ፈጬ በኩል ያለው ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ጫማ ይነጥቃል። ከነጥሩሩ 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከኮብልስቶኑ ሲወርድ መስመጡ አይቀርም፤ ሮጦ ባጃጅ ማባረሩ ይቅር። ባለ አራት ፎቁ ኮንዶሚኒየም ሊፍት የለውም፤ ጀግናው ላይኛው ፎቅ ላይ ከተከራየ በየቀኑ ያንን ብረት በደረጃ ያወጣል፣ ያወርዳል። ጎረቤት አይሰማም?

ጋርድን ተደባዳቢ ማድረግ

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይኸኛው ነው። ተኩስ ይሰማል፤ ጀግናው ተኳሹን ያሳድዳል፤ ደንበኛው መንገድ ላይ ብቻውን ይቀራል። ይህ በሙያው ትልቁ ጥፋት ነው፤ ሁለተኛ አጥቂ ካለ የሚጠብቀውም ይህንኑ ነው። የአጃቢ ሥራ ደንበኛውን መሸፈን፣ ጎንበስ አድርጎ ይዞ ከቦታው ማራቅ ነው። ተኳሹ ቢያመልጥ ያምልጥ። ማሳደድ የለመደ ጀግና ይህን መዋጥ ሲያቅተው፣ እግሩ ወደፊት እጁ ወደ ደንበኛው ሲሳብ አሳዩን።

የቀኑ ሥራ የሚጀምረው ከመውጣት በፊት ነው። ጀግናው አንድ ቀን ቀድሞ ቦታውን ያያል፤ ሁለት መንገድ ይመርጣል፤ በሌሊትም የሚሠራ ቅርብ ሆስፒታል የት እንዳለ ያውቃል፤ መውጫ ሰዓቱን ይቀያይራል። በጣም አስጊው ቦታ አውራ ጎዳናው ሳይሆን የግቢው በር ነው። በየቀኑ የማይቀር ነው፣ መኪናውም ዘበኛው እስኪከፍት ቆሞ ይጠብቃል። ለገጣፎ ላለ ባለ ግቢ ቤት ትዕይንት ከጻፋችሁ ጥሩምባ አታስነፉ፤ በሩ በስልክ ጥሪ አስቀድሞ ይከፈት፣ መኪናው ሳይቆም ይግባ።

መኪና ውስጥ አጃቢው ከሾፌሩ አጠገብ፣ ደንበኛው ከአጃቢው ኋላ በቀኝ ይቀመጣል። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ያ በር ወደ እግረኛ መንገዱ ይከፈታል፤ ጀግናው ወርዶ በሩን በአካሉ ይሸፍናል። ትከሻው በበሩ የማያልፍ ጥሩር ከሣላችሁ ግን ሥራውን አይሠራም። መጀመሪያ የመኪናውን በር ለኩ።

ወረቀቱን መዝለል

ጋርድ ሲቀጠር መታወቂያና ተያዥ ይጠየቃል። ማንነቱን የሚደብቅ ሰው ማን ተያዥ ይሆነዋል? ፋይዳ ደግሞ አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ፎቶ ይወስዳል። ይህን የዘለለ ደራሲ የታሪኩን ምርጥ ምዕራፍ ጣለ።

ክንዱ ላይ የተገጠመ መሣሪያም ያለ ፈቃድ አይሆንም፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። በሥራ ሰዓት በኩል የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይደነግጋል፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛውን ክፍያ 1.75 እጥፍ። አዋጁ ግን ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት አይሸፍንም። ስለዚህ ቀጣሪው የገላን ፋብሪካ ድርጅት ነው ወይስ ግለሰቡ ራሱ? ጀግናው የሌሊቱን ክፍያ ለመጠየቅ ሲነሳ መልሱ በዚህ ይለያያል።

በትርጉም ፊልም አፍ ማናገር

«ጌታዬ፣ ከኋላዬ ይሁኑ!» የሚል የሰበታ ልጅ የለም። ደንበኛው አባቱ የሚሆን ኮንትራክተር ከሆነ «ጋሼ፣ ይግቡ ይግቡ!» ይላል፤ ጥይት ሲጮኽ ደግሞ አንቱታው ራሱ ይጠፋና «ጋሼ፣ ና!» ብሎ ክንዱን ይጎትታል። ማታ ግቢው ሲረጋጋ ሽማግሌው ሻይ እያስቀዳ «አንተ ልጅ፣ ቅድም አንተ አልከኝ አይደል?» ይበለው።