የደረት ህመም ይዞት ድንገተኛ ክፍል ለመጣ ሰው የልብ ምስል ስናዝ የምንሰራቸው ስህተቶች

ሰው ደረቱን ይዞ ሲገባ ሁሉም ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይሰራለት፣ ሲቲ (በኮምፒውተር የሚቀናበር የራጅ ምስል) ይነሳ ማለት ይጀምራል፣ ግን ምን እየፈለግን እንደሆነ ሳናውቅ ያነሳነው ምስል ያዘናጋናል እንጂ ብዙም አይጠቅመንም።

ከሁሉም የሚከፋው ኢሲጂን (የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበውን ምርመራ) ዘሎ ወደ ምስል ማሽን መሮጥ ነው። ኢሲጂ ሰውዬው በገባ በ10 ደቂቃ ውስጥ ተነስቶ ሃኪም ሊያየው ይገባል። ኢሲጂው ላይ ኤስቲ የሚባለው ክፍል ከፍ ያለበት የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) ከታየ መንገዱ ወደ ካት ላብ (የተዘጋ የልብ ደም ስር በቀጭን ቱቦ ወደሚከፈትበት ክፍል) ነው፣ ካት ላብ በጊዜው የማይደረስ ከሆነ ደግሞ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድሃኒት፤ ኢኮ እስኪሰራ እየተባለ ሲጠበቅ የልብ ጡንቻ እየሞተ ነው። የመጀመሪያው ኢሲጂ ደህና ሆኖ ህመሙ ካልለቀቀው ይደገም፣ ከቪ7 እስከ ቪ9 በሚባሉት ሊዶች (የኢሲጂ ማንሻ ነጥቦች) በጀርባ በኩልም ይነሳ፣ ምክንያቱም የልብ የኋላ ግድግዳ ችግር በተለመደው 12 ሊድ ላይ ሊያመልጥ ይችላል።

ሌላው "ኢኮው ኖርማል ነው" ብሎ ወደ ቤት መላክ። ኢኮ የሚያሳየው ግድግዳው እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ነው፣ ህመሙ ካለፈ በኋላ ከተሰራ ግድግዳው ተመልሶ በደንብ ሲንቀሳቀስ ልታዩት ትችላላችሁ፣ ትንሽ ጉዳትም ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ህመሙ እያለ ቢሰራ ይሻላል፣ ትሮፖኒንም (የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምረው ፕሮቲን) በሰዓታት ልዩነት ይደገም። በተቃራኒው የማይንቀሳቀስ ግድግዳ ሁሉ የዛሬ አይደለም፤ ከሳሳና ነጣ ካለ የቆየ ጠባሳ ሊሆን ስለሚችል የድሮ ኢኮ ካለ አውጥታችሁ አስተያዩ።

ካልሲየም ስኮር (የልብ ደም ስር ላይ ያለውን ካልሲየም በሲቲ የሚለካው ቁጥር) ዜሮ ስለሆነ ብቻ ልቡ ነጻ ነው ማለትም አደገኛ ነው፣ በተለይ በወጣትና በሚያጨስ ሰው ላይ፣ ለስላሳው ፕላክ (ደም ስር ውስጥ የሚጠራቀመው ስብ) ካልሲየም የለውማ።

የልብ ደም ስር ሲቲ ሲታዘዝ ደግሞ ዝግጅቱ ይረሳል። ብዙ ማሽን ላይ የልብ ምቱ ወደ 60 ካልወረደ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ለዛ ቤታ ብሎከር (የልብ ምት የሚቀንስ መድሃኒት) ይሰጣል፣ ግን አስም ወይም ያልተረጋጋ የልብ ድካም እንደሌለው ሳይጠየቅ አይደለም። ደም ስሩን ለማስፋት ከምላስ ስር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን ከመሰጠቱ በፊት ቪያግራና የመሳሰሉትን ወስዶ እንደሆነ ለብቻው ጠይቁት፣ ቤተሰብ ፊት ብዙ ሰው አይናገርም፣ አብረው ከተወሰዱ ደግሞ ግፊቱ በአንዴ ይወርዳል። ከ3 ሚሊሜትር ያነሰ ስቴንት (ደም ስር ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) ወይም ብዙ ካልሲየም ያለበት ሰው ላይም የደም ስሩ ጥበት ከእውነተኛው በላይ ሊመስል ይችላል።

ህመሙ በድንገት እንደ መቀደድ ሆኖ ወደ ጀርባ ከሄደ፣ የሁለቱ እጆች ግፊት ከተለያየ፣ የሚፈለገው የአኦርታ (ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ስር) ሲቲ ነው፤ ኮንትራስቱ (ደም ስሩ በምስል እንዲታይ የሚወጋው ፈሳሽ) የሚሄድበት ጊዜ ስለሚለያይ በልብ ደም ስር ሲቲ አኦርታውን፣ በአኦርታ ሲቲም የልብ ደም ስሩን አያለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። የደረት ራጅ ኖርማል መሆኑም አኦርታው አለመሰንጠቁን አያረጋግጥም። ይሄን ሳታጣሩ ደም ማቅጠኛ መጀመር ህይወት ሊያሳጣ ይችላል፣ ኩላሊቱን ፈርቶ ኮንትራስት መከልከልም እዚህ ላይ አይሰራም።

ህመሙ እያለ ወይም ትሮፖኒን እየጨመረ ስትሬስ ቴስት (ልብን በእንቅስቃሴ ወይም በመድሃኒት አስጨንቆ የሚደረግ ምርመራ) አይታዘዝም፣ በቃ።

በመጨረሻ ሁሉንም ሰው ማሽን ውስጥ ማስገባት። ኢሲጂው ደህና የሆነ፣ የተደጋገመ ትሮፖኒኑ ያልጨመረ፣ ስጋቱም ዝቅተኛ የሆነ ሰው በዛው ሰዓት አስቸኳይ ምስል አያስፈልገውም። በ2 ዓመት ውስጥ የተነሳ ጥሩ ጥራት ያለው ሲቲ ጥበትም ፕላክም ካላሳየ ደግሞ ያው በቂ ሊሆን ስለሚችል ከማዘዛችሁ በፊት የድሮ ውጤቱን ጠይቁ።