ትልቅ ውሻ በደብል ካቢን ፒካፕ ስትጭኑ

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ጥምዝምዝ ላይ ፍሬን ሲያዝ፣ ኋላ ወንበር ላይ ያለ ውሻ እግር ማስቀመጫው ክፍተት ውስጥ ይወድቃል። ክፍተቱን ድፈኑት። ከኋላው መደገፊያ እስከ ፊት ወንበር ጀርባ ለኩና 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ አስቆርጡ፤ ከፊት በኩል ከወለሉ የሚነሱ ሁለት፣ ውሻው ከከበደ ሦስት፣ የእንጨት እግሮች ይመቱለት። ስሱ ጣውላ መሃሉ ላይ ይጎብጣል። ላዩን ሸካራ የላስቲክ ምንጣፍ አልብሱት፤ ብርድ ልብስ ብቻውን ይንሸራተታል።

የምታስሩት በደረት ማሰሪያ ይሁን፣ በአንገቱ ከሆነ ድንገተኛ ፍሬን ያንቀዋል። ገመዱን ከመኪናው ቀበቶ ጋር አያይዙት፤ ተኝቶ ለመነሳት የሚበቃው ያህል ብቻ ይርዘም። የኋላ በሮቹን የልጅ መቆለፊያም አትርሱ፣ መዳፉ እጀታ ይከፍታል። በረሃው ከደጋው እጅግ ስለሚሞቅ ውሃ ደጀን ላይ አጠጡት።