ለከብት የሚስማማ የግጦሽና የድርቆሽ ሳር እንዴት ይመረጣል?

ብዙ ሰው ሳር የሚመርጠው በሰው ማሳ ላይ ለምልሞ ያየውን ነው። ዝሆኔ ሳር በወይና ደጋ ከሰው ቁመት በልጦ ሲታይ ያስጎመጃል፤ ደጋ ላይ ግን ውርጭ ይመታዋል። ስለዚህ ምርጫው ከቦታው ይጀምራል።

1. ከፍታውንና አፈሩን ይለዩ። ውርጭ በሚጥልበት ደጋ አጃን ከቬች (አተር መሰል የመኖ ሐረግ) ጋር መዝራት ያዋጣል፦ ለሄክታር 75 ኪሎ አጃና 25 ኪሎ ቬች። ወይና ደጋ ላይ ለድርቆሽ ሮደስ የተባለውን ሳር እናስቀድማለን። ውሃ የሚተኛበት መሬት ግን ለሮደስ አይሆንም፤ መጀመሪያ ያጠንፍፉት። አፈሩ አሲዳማ ከሆነ ብራኪያሪያ የተባለው ሳር የተሻለ ይችለዋል። ለእርከን ጠርዝ ደሾ ሳር ይትከሉ፤ ከሥሩ እየተገነጠለ በ50 ሳንቲሜትር መስመር፣ በተክሎቹ መካከል 10 ሳንቲሜትር ተትቶ ይተከላል።

2. አጠቃቀሙን ይወስኑ። ለድርቆሽ ግንደ ቀጭን ሳር ያስፈልጋል። የዝሆኔ ሳር ቅጠሉ ደርቆ ሲረግፍ ግንዱ ገና እርጥብ ነው፤ አንድ ሜትር ገደማ ሲደርስ አጭደውና ከትፈው በእርጥቡ ያብሉት።

3. ዘሩን ይፈትሹ፣ ከዚያ ይዝሩ። የሮደስ ዘር ገለባው ብዙ ነው፤ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ለሁለት ሳምንት ጨርቁ እንዳይደርቅ እየጠበቁ የበቀለውን ይቁጠሩ። ለሄክታር ከ10 እስከ 15 ኪሎ ይበቃል፤ የበቀለው ጥቂት ከሆነ መጠኑን ይጨምሩ። መሬቱ እንደ ጤፍ ማሳ መለስለስ አለበት። ዘሩ ቀላል ስለሆነ ነፋስ እንዳይወስደው ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለው ይበትኑ፤ ከዚያ ቅጠላማ ቅርንጫፍ ይጎትቱበት። በማረሻ አይመልሱት። ብዙውን ጊዜ «ዘሩ አልበቀለም» የሚባለው ከ1 ሳንቲሜትር በላይ ስለተቀበረ ነው።

4. ቶሎ አያስግጡ። ሳሩን በእጅ ጨብጠው ሳብ ያድርጉት፤ ከነሥሩ ከተነቀለ ከብትም ይነቅለዋል።

5. በጊዜው ይጨዱ። ትልቁ ኪሳራ እዚህ ላይ ነው። ሳሩ እስከ ኅዳር መጨረሻ ከቆየ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ግንዱ ይጠነክራል፤ የሚከመረውም ከገለባ ብዙም አይሻልም። ሮደስን ግማሹ ሲያብብ፣ አጃን ፍሬው ወተት ሲይዝ ይጨዱ። የተፈጥሮ ግጦሽ ከሆነ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ዝናቡ ጋብ የሚልበትን ቀን ይጠብቁ። ሥሩ ዳግም እንዲያቆጠቁጥ ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ያስቀሩ።

6. አድርቀው ይከምሩ። በቀን አንድ ሁለቴ ያገላብጡት። መድረቁን ለማወቅ ጥቂት ሳር ከትፈው ከአንድ እፍኝ ደረቅ ጨው ጋር በደረቅ ማሰሮ ውስጥ ይነቅንቁ፤ ጨው ከተጓጎለ ገና ነው። እርጥብ ድርቆሽ ሲከመር ከውስጥ ይግላል፣ ይሻግታል፤ ግለቱ ከበረታ እሳት እስከማስነሳት ይደርሳል። ክምሩን ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከጣሪያ ሥር ያድርጉት። የሻገተውን አውጥተው ይጣሉ፤ በተለይ ያረገዘች ላምን ሊያስጨነግፋት ይችላል።