ዊንዶውስ ሲያስቸግር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ አንድ ላፕቶፕ ተንቀራፈፈ ወይም በየመሃሉ እየቆመ አስቸገረ ተብሎ ወደ ጥገና ቤት ሲወሰድ፣ ፒያሳም ይሁን አቶቴ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ፎርማት ያስፈልገዋል»፣ ማለትም ዲስኩ ጠፍቶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን የሚል ነው። ደንበኛውም አይከራከርም። አዲስ ዊንዶውስ የተጫነበት ኮምፒውተር ለጥቂት ጊዜ ቀልጠፍ ስለሚል ባለሙያውም ባለንብረቱም ችግሩ የተፈታ ይመስላቸዋል። እንደ እኔ አስተያየት ግን ተጠቃሚውን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ስህተት ይኸው ምክንያቱን ሳይለዩ ፎርማት ማድረግ ስለሆነ ሰፋ ያለውን ቦታ የምሰጠው ለእሱ ነው።

ዝግታ የብዙ ነገር ምልክት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም ነገር ከመጥፋቱ በፊት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱና ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ ላይ ሲፒዩ (የኮምፒውተሩ አንጎል)፣ ሜሞሪ (ራም) እና ዲስክ ምን ያህል እንደተያዙ ይመልከቱ። ኮምፒውተሩ ከተከፈተ ብዙ ደቂቃ አልፎ፣ እርስዎም ምንም ሳይከፍቱ፣ ዲስኩ በሥራ 100 በመቶ ተይዞ ከቀረና ሲፒዩው ግን ሥራ ፈት ከሆነ፣ ሊጠረጠር የሚገባው በተለይ በድሮው ተሽከርካሪ ሀርድ ዲስክ ላይ ዲስኩ ራሱ ነው። እንዲህ ያለውን ዲስክ ፎርማት ማድረግ አያድነውም፤ መፍትሔው ፋይሎቹን ቶሎ ገልብጦ ተሽከርካሪ አካል በሌለው ፈጣን ዲስክ፣ በኤስኤስዲ፣ መለወጥ ነው። የሞላው ሜሞሪው ከሆነ ደግሞ፣ በ4 ጊጋባይት ራም ላይ ብዙ የኢንተርኔት ገጾች ከፍቶ መሥራት የሚያመጣው ጣጣ ስለሆነ፣ ራም መጨመር ወይም ስታርታፕ ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች ማስቆም ይበቃል።

የፎርማት ሌላው ጉዳት በፋይል ላይ ነው። «ሲ ድራይቭን ብቻ ነው የማጠፋው፣ ዲ ላይ ያለው አይነካም» ሲባል ብዙ ሰው ልቡ ያርፋል። ይሁን እንጂ ዴስክቶፕ፣ ዶኩመንትስና ዳውንሎድስ የሚባሉት ፎልደሮች ካልተዛወሩ በስተቀር የሚገኙት እዚያው ሲ ውስጥ ነው። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን በቀላሉ እንዲያገኘው ብሎ የሚያስቀምጠው ዴስክቶፕ ላይ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠፋውም እሱ ይሆናል። ዊንዶውስን እንደገና መጫን የግድ ከሆነ እንኳ፣ አስቀድሞ ሲስተም ፋይል ቼከር በተባለው የዊንዶውስ የራሱ መመርመሪያ የተበላሹ የሲስተም ፋይሎችን ማስጠገን፣ ያ ካልሠራ ደግሞ ፋይሎችን አስቀርቶ፣ የተጫኑ ፕሮግራሞችን ግን አስወግዶ ሲስተሙን የሚያድሰውን የሪሴት አማራጭ መሞከር ይገባል። ከሁለቱም በፊት ግን ፋይሎችዎ ሌላ ቦታ መገልበጣቸውን በዓይንዎ ያረጋግጡ።

በዊንዶውስ 11 ዘመን የተስፋፋ አንድ ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ዲስካቸውን በራሳቸው ይቆልፋሉ። ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው መሠረታዊ ፕሮግራም) ሲነካካ ወይም ማዘርቦርዱ ሲቀየር ሲስተሙ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁጥሩ የሚገኘውም ብዙውን ጊዜ በዚያው አካውንት ውስጥ ነው። ችግሩ ላፕቶፑን የሸጠው ነጋዴ ለደንበኛው እንዲቀልለት ብሎ በራሱ ኢሜይል ከፍቶ አስረክቦ ከሆነ ነው፤ ያኔ ቁጥሩ በሰው እጅ ነው ማለት ነው። ዕቃው ገና አዲስ ሳለ በየትኛው ኢሜይል እንደተከፈተ ጠይቀው በራስዎ አካውንት ያስተካክሉ፣ ቁጥሩንም ወረቀት ላይ ጽፈው ያስቀምጡ።

ቀጥሎ የሚመጣው አፕዴትን ጨርሶ መዝጋት ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ በሞባይል ዳታ ጥቅል ለሚሠራ ሰው አንድ ትልቅ አፕዴት የሳምንቱን ጥቅል በአንድ ማታ ሊጨርስበት ይችላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት ከሁለት ወር ቀደም ብሎ በማርች ወጥቶ ነበር፤ የተጎዱትም በአመዛኙ ያልጫኑት ናቸው። ከመዝጋት ይልቅ የሚጠቀሙበትን ዋይፋይ ሚተርድ ኮኔክሽን (በመጠን የሚከፈልበት መስመር) ብለው ቢመዘግቡት ዊንዶውስ አብዛኛውን አፕዴት ከማውረድ ይታቀባል። ፖዝ የሚለው አማራጭም እስከ 5 ሳምንት ያቆየዋልና በዚያ ጊዜ ውስጥ የግቢ ወይም የቢሮ ኢንተርኔት ሲያገኙ ማውረድ ይቻላል። እዚህ ላይ ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ያበቃ መሆኑ መታወስ አለበት።

ክራክ (የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚከፍት መሣሪያ) ለመጫን ሲባል የዊንዶውስን የራሱን ጸረ ቫይረስ፣ ዲፌንደርን፣ ማጥፋት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ፕሮግራሙ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ጥበቃውን እንዲያነሡለት ከጠየቀዎት፣ የሚገባውን ነገር ሁሉ ሳያዩ በር ከፈቱለት ማለት ነው።

«አጥፍቼ ከፈትኩት፣ አልተስተካከለም» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ጊዜ ስህተት አለበት። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርታፕ የሚባለው አሠራር በርቶ ከሆነ፣ ሻት ዳውን ሲሉት ሲስተሙ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ የውስጡን ይዞታ ዲስክ ላይ መዝግቦ በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያው ይነሣል። ስለዚህ ያልሠራው ድራይቨር (አንድን የኮምፒውተር ክፍል ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) እንዳልሠራ ይመለሳል። ከዜሮ የሚያስነሣው ሪስታርት ነውና አስቀድሞ መሞከር ያለበት እሱ ነው።

ዊንዶውስን እንደ ፍላጎታቸው ለማስተካከል የሚሹ ሰዎች ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን ይለዋውጣሉ፤ ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) አጽጂ ይጭናሉ፣ ከዩቲዩብ ያገኙትን ማፍጠኛ ያስኬዳሉ፣ ከጀርባ የሚሠሩ ሰርቪሶችን ይዘጋሉ፣ ከዚያም ድምፁ ሲጠፋ የትኛው እንዳጠፋው ማወቅ ያቅታቸዋል። የሬጂስትሪ አጽጂዎችን ማይክሮሶፍት ራሱ አይደግፋቸውም፤ እኔም ከጥቅማቸው ጉዳታቸውን አብልጬ አያለሁ። አንድ ነገር ለውጠው፣ ሪስታርት አድርገው፣ ጥቂት ሠርተውበት ወደሚቀጥለው ይለፉ። ከመጀመርዎ በፊት ወደ ቀድሞው ቅንብር የሚመልስዎትን ሪስቶር ፖይንት ይፍጠሩ፤ ይህ አገልግሎት በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ተዘግቶ ስለሚገኝ መጀመሪያ ማብራት ያስፈልጋል።

በጽሕፈት አገልግሎት ቤቶች የሚዘወተር አንድ ስህተት አለ፤ የአማርኛ ደብዳቤ ሲከፈት ፊደሉ የምልክት ክምር ሆኖ ከታየ «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል» ይባላል። ግዕዝ የዓለም ፊደላት የጋራ መለያ በሆነው በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ዩኒኮድ ባልሆኑ የድሮ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ አይነበብም። እንዲያውም ደብዳቤው የማይነበበው ከፎርማት በኋላ ከሆነ፣ ምክንያቱ ፎንቱ አብሮ መጥፋቱ ነው፤ መልሶ መጫኑ በቂ ነው። ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፎንትም በዊንዶውስ 10 እና 11 ከመጀመሪያው ላይገኝ ስለሚችል አማርኛን በቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ ሲጨምሩ ወይም ከኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ ይጫናል።

በመጨረሻም ሰዓቱና ቀኑ እንዳይዘነጉ። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ድረ ገጾች «ደኅንነቱ የተጠበቀ አይደለም» እያሉ እምቢ ካሉ፣ ብዙ ሰው ቫይረስ ወይም ኔትወርክ ይጠረጥራል። ጥፋቱ ግን ቀኑ ወደ ኋላ መመለሱ፣ አለበለዚያም አንድ ሰው ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልቶት በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ማሳነሱ ሊሆን ይችላል፤ የድረ ገጾች ሰርተፍኬት (ማንነታቸውን የሚያረጋግጠው መታወቂያ) የሚቆጠረው በአውሮፓውያኑ ቀን ስለሆነ ሲስተሙ ገና አልጸና ብሎ ይጥለዋል። ከዊንዶውስ የሰዓት ክልሎች ውስጥ ናይሮቢ የሚለውን ይምረጡና ቀኑን ያስተካክሉ። ሶኬቱ በተነቀለ ወይም መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ተመልሶ ከተዛባ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች፤ በአብዛኞቹ ዴስክቶፖች ላይ ሲአር 2032 የምትባለው ናትና በእሷ ምትክ አዲስ ማስገባት ይበቃል።